አብዶ ወይስ ጎል?

ሰሞኑን አውራ ጣቴን ከማመሙ በቀር ሌላ የሚያማርር ነገር የለኝም። ጣትህ ምን ሆኖ ነው እንዳትሉኝ፤ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አንዱን መርጫለሁ። የላከችልን የ24 ዓመት ወጣት ናት፤ በአንድ የግል መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ሆና ትሠራለች። እናቷ አረብ አገር ሆና ገንዘብ ትልካለች። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ታናሽ ወንድሟን የምታሳድገው እሷ ናት። ደብዳቤዋን አሳጥሬ እነሆ፡-

‹‹ወንድሜ ጎበዝ ተማሪ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቀጥታ የሚሄደው ሰፈራችን ወዳለው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። መጀመሪያ ይዝናና ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ስሰማ ለካ በብር ነው የሚጫወቱት! ባለፈው ሳምንት የተማሪ መታወቂያው ጠፋ። ሳፋጥጠው ለዕዳ መያዣ አስይዞታል። ይሄ እኮ እናቴ የሰው ወለል እየወለወለች የምትልከው ገንዘብ ነው። ለእሷ ልንገራት ወይስ ልደብቃት? አሁን ደግሞ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 ‹ፊፋ ስትሪት› ከሚባል የኳስ ጌም ጋር ልሽጥልሽ ብላኛለች። የጠየቀችኝ የደመወዜን ግማሽ ነው። ቤት ቢጫወት ከዚያ ቤት ይቀርልኛል ብዬ አሰብኩ። መልሼ ደግሞ በሽታውን በገዛ እጄ ቤቴ እንዳላስገባው ፈራሁ። ጌሙን ያውቁታል? ልግዛ ወይስ ልተው? ይምከሩኝ።››

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሰው ያላየውን ነገር ‹ግዢ›፣ ‹አትግዢ› ማለት ደግ አይደለምና ከአንድ ወዳጄ ዘንድ መሣሪያውንም ጌሙንም ተውሼ፣ የ15 ዓመት የእህቴን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ ሦስት ምሽት ሙሉ ተጫወትኩት። የጣቴ ሕመም ከዚያ የመጣ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ ስለ ጌሙ፣ ቀጥሎ ስለ ወንድምሽ እናውጋ።

የኳስ ጌም በሁለት ይከፈላል። አንደኛው እውነተኛውን ጨዋታ ለመምሰል የሚጣጣረው ነው፤ 11 ለ11፣ ዳኛ ያለው፣ ኦፍሳይድ ያለው፣ ቢጫና ቀይ ካርድ ያለው። ሁለተኛው ‹አርኬድ› የሚሉት ዓይነት ነው። አርኬድ ማለት በጃፓን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ሳንቲም እየጎረሱ የሚያጫውቱ ትልልቅ ማሽኖች የተደረደሩባቸው ቤቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ‹ተህካን ወርልድ ካፕ› የተባለው የጃፓን ጌም በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ነበር፤ ተጫዋቾቹን የሚያንቀሳቅሱት በመዳፍ የሚንከባለል ድቡልቡል ነገር እያሽከረከሩ ነው። በ1994 ደግሞ ሴጋ ‹ቨርቹዋ ስትራይከር›ን አመጣ። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ለአንድ ዓላማ ነው፤ ገብቶ ወዲያው የሚገባ፣ ፈጣን፣ ጎል የሚበዛበት፣ ቶሎ የሚያልቅና የሚቀጥለውን ሳንቲም የሚጣራ ጨዋታ እንዲሆን። የኛን ሰፈር ጆተኒ አስቡት። ለዘጠና ደቂቃ ጆተኒ የሚጫወት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከፍለህ ትገባለህ፣ ታጣጥፈዋለህ ወይ ትታጠፋለህ፣ ‹ቀጣይ!› ይባላል።

‹ፊፋ ስትሪት› የማሽን ቤት ጌም አይደለም፤ የቤት ነው። ጠባዩ ግን ቁርጥ የአርኬድ ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2001 ‹ኤንቢኤ ስትሪት› የሚል የመንገድ ቅርጫት ኳስ አውጥቶ ስለተወደደለት፣ በ2005 መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን ወደ እግር ኳስ አዞረው። ሽፋኑ ላይ ያለው ሮናልዲኒዮ ነው። ያን ጊዜ በባርሴሎና ማልያ ዓለምን ያሳበደበት ዘመን ነበር፤ ለዚህ ጌም ከእሱ የተሻለ ሰው ከየት ይገኛል?

ጨዋታው አራት ለአራት ነው፤ ሦስት ተጫዋችና አንድ በረኛ። ሜዳው አስፋልት፣ ሲሚንቶ፣ የሰፈር ግቢ ነው። በአብዛኛው ዙሪያው ግድግዳ ወይም አጥር ስለሆነ ኳሷ እየነጠረች ትመለሳለች፤ ግድግዳውን እንደ ጓደኛ ቆጥረህ ፓስ ትሰጠዋለህ፣ መልሶ ይሰጥሃል። ዳኛ የለም። ፋውል የለም። ኦፍሳይድ የለም። አምስት ጎል ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል ብለህ ትጀምራለህ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

ዋናው ነገር ግን አብዶው ነው። ከጆይስቲኩ በስተቀኝ ያለችውን ዱላ ወዲያና ወዲህ ስትነካካት ተጫዋቹ እንደ እብድ ይሽከረከራል፣ ኳሷን በተረከዙ ያነሳታል፣ በተጋጣሚው እግር መሐል ሎጬ ያሾልካታል። በሌላው የኳስ ጌም አብዶ ጌጥ ናት፤ ብትሠራም ባትሠራም ውጤቱን ጎል ይወስነዋል። እዚህ ግን አብዶ ትከፍላለች! አንድን ሰው ባታለልክ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለች ዘንግ ትሞላለች። ሞልታ ስታበቃ ‹ጌምብሬከር› የሚሉት ይለቀቅልሃል። በዚያን ሰዓት የምትመታው ኳስ መድፍ በለው! በረኛው ይመልሳታል ብለህ አታስብ።

በመጀመሪያው ምሽት 4 ለ1 እየመራሁ ነበር። የእህቴ ልጅ ጎል ማግባቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ እንደ ሰርከስ ልጅ አብዶውን ሲደረድር ‹‹ምን ሆኗል ይሄ ልጅ፣ ተስፋ ቆረጠ እንዴ?›› እያልኩ በሆዴ ሳቅሁ። ለካ ዘንጓን እየሞላት ኖሯል። 4 ለ2። 4 ለ3። 4 ለ4። እጄ ላይ ላብ መጣ። አምስተኛዋን ሲያገባ ወንበር ላይ ወጥቶ ጨፈረ። እናቱ ከኩሽና ‹‹ቤቱን አፈረሳችሁት!›› ብላ ስትጮህ ነው የበረድነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

እንግዲህ ጉድለቱንም እንናገር። አንደኛ፣ በረኞቹ። አንዳንዴ እንደ ነብር ይወረወራሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሕፃን የሚይዛትን ኳስ ቆመው ያሳልፋሉ። ሁለተኛ፣ ከጨዋታው ጋር አብሮ የሚለፈልፈው ሰውዬ። መጀመሪያ ያዝናናል፤ በሁለተኛው ምሽት የሚለውን ሁሉ ከእሱ በፊት ማለት ጀመርን፤ በሦስተኛው ድምፁን ቀንሰን የራሳችንን ሙዚቃ ከፈትን። ሦስተኛ፣ ለብቻ ሲጫወቱት ቶሎ ይሰለቻል። የራስህን ተጫዋች ፈጥረህ፣ ከከተማ ከተማ እየዞርክ፣ በአብዶህና በድልህ ነጥብ እየሰበሰብክ ጉልበቱንም ልብሱንም የምታሳድግበት ክፍል አለው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አሥረኛው ግጥሚያ ከመጀመሪያው እምብዛም አይለይም። እዚያ ውስጥ የገባ ልጅ የሚቆየው ጣዕሙ ይዞት ሳይሆን ‹ትንሽ ነጥብ ቀረችኝ› እያለ ነው። ይችን ነጥብ ያዢያት እህቴ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አራተኛው ጉድለት የኔ የግል ቅሬታ ነው። የኢትዮጵያን ቡድን ብትፈልጉ አታገኙም። መንገድ ላይ ኳስ እንጫወት ተብሎ ኢትዮጵያ ስትቀር አይከነክንም? በካልሲ ጨርቅ ጠቅልለን፣ ሁለት ድንጋይ ለጎል አስቀምጠን፣ መኪና ሲመጣ ‹መኪና!› ብለን ቆመን፣ ሲያልፍ ከቆምንበት የቀጠልን ሰዎች ነን እኮ!

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። የኛም የመንገድ ኳስ እንደዚህ ጌም ዳኛ አልነበረውም። ፋውል ግን ነበረው። ‹ማኖ ነው!›፣ ‹አይደለም፣ ደረቴን ነው!›፣ ‹ማልልኛ!›፣ ‹እናቴ ትሙት!› እየተባባልን ራሳችን እንዳኝ ነበር። ያጭበረበረ ልጅ በማግስቱ ቡድን ሲመረጥ መጨረሻ ላይ ይቀራል። ተጣልተን የኳሷ ባለቤት ኳሱን ይዞ ወደ ቤቱ ከገባ ጨዋታው ያበቃል፤ ስለዚህ መጣላትም መታረቅም ተምረናል። ጌሙ የመንገዱን አብዶ በሚገባ ወስዶታል። የመንገዱን ዳኝነት ግን አልወሰደም። ሊወስድም አይችልም። ያንን ማምጣት የሚችለው አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ እንምጣ።

እህቴ፣ ወንድምሽን የያዘው ኳሱ አይደለም፤ ‹ልመልስ› የምትባለው ቃል ናት። በፕሌይስቴሽን ቤት መጀመሪያ ‹የተሸነፈ ይከፍላል› ይባላል። ይሄ የጨዋታው ሒሳብ ነው፣ ብዙም አይከፋም። ቀጥሎ በጎን አሥር ብር ይያዛል። የተሸነፈው አሥሯን ለመመለስ ሃያ ያስይዛል፤ ሃያዋን ለመመለስ አርባ። ገንዘቡ ሲያልቅ መታወቂያ ይቀመጣል። አርኬድ ጌም ደግሞ ለዚህ ነገር እሳት ላይ ቤንዚን ማለት ነው። ለምን ብትይኝ፣ ደካማው ተጫዋች ተስፋ እንዳይቆርጥ ሆኖ ስለተሠራ ነው። የእህቴ ልጅ ከ4 ለ1 ተነስቶ ያሸነፈኝ በዚች ዘንግ ነው። ሁለት ሰው ሶፋ ላይ ሆኖ ሲጫወት ይሄ ሳቅ ነው። ብር ሲያዝበት ግን የተሸነፈ ሁሉ ‹አንድ ዘንግ ብቻ ነው የቀረችኝ፣ የሚቀጥለውን እበላዋለሁ› ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል። ስለዚህ ይህ ጌም ለመሳቂያ አንደኛ ነው፤ ለውርርድ ግን የመጨረሻ!

‹ታዲያ ልግዛ?› ላልሽው መልሴ፡- ግዢ፤ ግን በአራት ነገር።

አንደኛ፣ በደመወዝሽ ግማሽ አይደለም! ፕሌይስቴሽን 2 በጃፓን የወጣው በ2000 ነው፤ ምርቱ መቆሙ የተነገረው በ2013 መጀመሪያ ነው። አሮጌ ዕቃ ነው፤ አሮጌ ዋጋ ክፈይ። ተከራከሪ። ባልደረባሽ ካኮረፈች ታኩርፍ፣ በደመወዝ ቀን ትታረቃላችሁ።

ሁለተኛ፣ ሳትሞክሪ ብር አታውጪ። ዕቃው ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ከሆነ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኛን 220 ላይ ስትሰኪው ተቃጥሎ ይቀራል፤ መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ሌላም አለ፤ የአሜሪካ መሣሪያ ለአውሮፓ የተዘጋጀ ሲዲ አያነብም፣ የአውሮፓውም የአሜሪካን አያነብም። ሲዲውንም እዪው። በ2005 እና በ2006 የወጡት አንደኛውና ሁለተኛው ፊፋ ስትሪት በዚህ መሣሪያ ላይ ይሠራሉ። በ2008 የወጣው ሦስተኛው ግን አይሠራም። በ2012 ደግሞ ቁጥር የሌለው ያው ‹ፊፋ ስትሪት› የሚል ስም ያለው አዲስ ጌም ወጥቷል፤ እሱም የሚሠራው በፕሌይስቴሽን 3 እና በኤክስቦክስ 360 ብቻ ነው። ስሙ አንድ ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ። ከዚያ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አጫውቺው። የሚያረጀው ሲዲውን የሚያነበው ዓይን ነው፤ መሐል ላይ ቀጥ ካለ ተይው። ጆይስቲኩን ስትሞክሪ የቀኟን ዱላ በደንብ አሽከርክሪያት። እሷ ካላገለገለች አብዶ የለም፣ አብዶ ከሌለ ጌሙ የለም።

ሦስተኛ፣ ሁለት ጆይስቲክ ከሌለው አትግዢ። ለምን? ሁለተኛው ያንቺ ነው! ‹እኔ ኳስ ምን አውቃለሁ› እንዳትዪኝ። ይሄ ጌም ደጉ ነገሩ ይህ ነው፤ በአንድ ምሽት ይለመዳል። ወንድምሽ መጀመሪያ 5 ለ0 ይሸኝሻል፣ ይስቅብሻል። ይሳቅ። በሳምንቱ 5 ለ3 ይሆናል። አንድ ቀን ሎጬ ስታስገቢበት ደግሞ ጩኸቱን ጎረቤት ይሰማዋል። ወንድምሽ ያንን ቤት የሚወደው ለብሩ ብቻ እንዳይመስልሽ። እዚያ ስሙን ጠርቶ ‹ና ግባ፣ ዛሬ እበላሃለሁ› የሚለው ሰው አለ። እናቱ ሩቅ ናት፤ አንቺ ማታ ደክመሽ ትገቢያለሽ። ቤቱ ውስጥ ማን ነው ስሙን በደስታ የሚጠራው? በዚህ አልወቅስሽም፤ የሁለት ሰው ሸክም ተሸክመሽ እንደቆምሽ ይገባኛል። ዕቃውን ገዝተሽ ለብቻው ከሰጠሽው ግን ክፍሉን ዘግቶ ይጫወታል፣ ይሰለቸዋል፣ ተመልሶ ወደዚያው ይሄዳል። ያኔ ደመወዝሽም ወንድምሽም ሄዱ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ቅድም ያዢያት ያልኩሽ ነጥብ። በዚህ መሣሪያ የተሰበሰበ ነጥብ ሁሉ የሚቀመጠው ከፊት በምትሰካ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው። ካርዷን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሻት ወደ ሥራ ሂጂ። ካርዷ ከሌለች አንድ ሁለት ግጥሚያ መጫወት ይችላል፣ የሚከለክለው የለም፤ ነጥብ ለማጠራቀም ግን ሰዓቱን አይገድልም። ማታ ጥናቱን ጨርሶ ደብተሩን ሲያሳይሽ ካርዷን ታወጫለሽ፣ አብራችሁ ትቀመጣላችሁ። በፈተና ሳምንት ካርዷም ጆይስቲኩም ቁም ሣጥን ይገባሉ። ይህንን ሕግ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ተነጋገሩበት፤ ከተገዛ በኋላ የሚወጣ ሕግ ጠብ ነው የሚሆነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዕዳው ይዘጋ። ዕዳው ሳይዘጋ ዕቃ መግዛት የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ምንጣፍ ማንጠፍ ነው። የሰፈር ሰው የሚያከብረውን አንድ ትልቅ ሰው ይዘሽ፣ ወንድምሽንም ይዘሽ ወደዚያ ቤት ሂጂ። አትጩሂ፣ አትሳደቢ። ዕዳው ስንት እንደሆነ ባለቤቱ በወንድምሽ ፊት ይናገር፤ ክፈይና መታወቂያውን ተቀበዪ። ‹ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ልጅ ዱቤ የለም፤ ለተማሪ መታወቂያም መያዣ አይደለም› ብላችሁ ትልቁ ሰው ባለበት ተስማሙ። የከፈልሽውን ደግሞ ከኪስ ገንዘቡ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያደረገ ይመልስልሽ። ሙሉውን ምሕረት ካደረግሽለት የተማረው ነገር ‹እህቴ ትከፍላለች› የሚለውን ብቻ ነው።

ለእናታችሁስ ይነገራት ወይስ አይነገራት? ይነገራት። የምትነግሪያት ግን አንቺ አይደለሽም፤ እሱ ራሱ ነው። መታወቂያው ከተመለሰ በኋላ፣ ስልክ ስትደውል፣ አንቺ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ። ‹እማዬ፣ እንዲህ አድርጌ ነበር፣ አሁን እየከፈልኩ ነው› ይበላት። ይከብደዋል፤ ድምፁም ይንቀጠቀጥ ይሆናል። እሷም ታለቅስ ይሆናል። ነገር ግን ወለል እየወለወለች የምትኖር እናት ልጇ እውነቱን በገዛ አፉ ሲነግራት ከምታዝነው ይልቅ ከጎረቤት ስትሰማ የምታዝነው ይበልጣል። ልጁም ከዚያች ስልክ በኋላ ‹ልመልስ› ከማለቱ በፊት አንድ ጊዜ ያስባል።

እናንተም በየፕሌይስቴሽን ቤቱ ደጃፍ የምትሰለፉ ጀለሶች፣ ጋሼ ጌም ይጠላል ብላችሁ እንዳታሙኝ። ጣቴ ምስክሬ ነው። ተጫወቱ፣ አብዶውን አውርዱት፣ ሎጬውን አስገቡት። ብር ሲወጣ ግን ‹እኔ ለሳቅ ነው የመጣሁት› ብላችሁ ጆይስቲኩን አስቀምጡ። የሚስቅባችሁ ቢኖር ለአንድ ምሽት ነው፤ የተያዘ መታወቂያ ግን ፈተና በር ላይ ነው የሚያስቀራችሁ።

ለጌሙ ከአሥር ስንት ትሰጣለህ ካላችሁኝ፡- ለብቻ ለሚጫወት አምስት፤ ከእህቱ ጋር ለሚጫወት ስምንት፤ በብር ለሚጫወት ዜሮ።

እህቴ፣ የሆነውን ጻፊልን። በተለይ የመጀመሪያዋን ሎጬ። እስከ ሳምንት ቸር ያሰንብተን!